ሦስቱ ትርፍ ቀኖች

ሰኞ 20

ስድስት ዓመት የደበቅሁት ነገር አለኝ። በጸሎቴ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «የማውቀውንም የማላውቀውንም በደሌን» እያልኩ ከማላውቀው ጋር ደባልቄ አሳልፈዋለሁ።

የማረሚያ ቤቱ ፕሮግራም የእስረኞችን መፈቻ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር የሚያሰላው እኔ በጻፍኩት ኮድ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከመዝገብ ክፍሉ አንድ ሰው ደወለ። «ጌታዬ፣ ይሄ እስረኛ በሠላሳ መውጣት ሲገባው ኮምፒውተሩ በሁለት ይላል። ምን ይሆን?» አለኝ። ሳላይ ሳልመረምር «እናንተ ስታስገቡ ተሳስታችሁ ይሆናል» አልኩት። «ይሆናል፣ ይቅርታ» ብሎ ዘጋ። ማታ ከፍቼ ሳየው ስህተቱ የእኔ ነው። መልሼ አልደወልኩም።

ባለቤቴ በሽታዋ የተነገራት በዚያው ሳምንት ነበር። ለሌላ ሰው ቀን የሚሆን ልብ አልነበረኝም።

ዛሬ ደግሞ ምሩቋ አገኘችው። ምሩቋ የምላት ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ናት። እሷ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ነው የመጣችው፣ እኔ ደግሞ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ በማታ ትምህርት የለቃቀምኩት ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ወር ሲደመር አንድ በአንድ ነው እንዴ የሚራመደው?»

«አዎ።»

«ሠላሳ አንድ ላይ የጀመረስ? ቀጣዩ ወር ሃያ ስምንት ሲሆንበት?»

«ሞልቶ ይፈሳል።»

«ወዴት?»

«ወደሚቀጥለው።»

ትክ ብላ አየችኝ። «እና እዚያው ፈሶ ይቀራል?»

«ምሳ ሰዓት ደረሰ» አልኳት።

ረቡዕ 22፣ ማታ

እንቅልፍ እንቢ አለ። ቢያንስ ነገሩን ለራሴ በቅጡ ልጻፈው።

ሰዓት ታማኝ ነው፤ ስድሳ ደቂቃው የትም ቢሄዱ ስድሳ ነው። የፈረንጆቹ ወር ግን የአንድ እናት ልጆች ይመስል አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። ዳኛ «ሰባት ወር» ሲል ስንት ቀን እንደሆነ አልተናገረም። ከየት እንደተነሣ ካላወቁ ልኩ አይታወቅም። ይሄን ነው እኔ ያኔ የናቅሁት።

የእኔ ኮድ ወሩን አንድ በአንድ እየረገጠ ይሄዳል። በሠላሳ አንድ የገባ ሰው አጭሩ ወር ላይ ሲደርስ የሚረግጠው ሠላሳ አንደኛ ቀን የለም። ስለዚህ ይንሸራተትና በቀጣዩ ወር ሦስተኛ ቀን ላይ ያርፋል። ይሄ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከዚያ በኋላ ግን የተነሣበትን ይረሳል። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት እያለ ይቀጥልና ሰውየው በወሩ መጨረሻ መውጣት ሲገባው ወሩን አልፎ በሦስት ይወጣል። የሚነካው በወር መጨረሻ የገባን ሰው ብቻ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። እስረኛ ቆጥሮ ቢናገርስ ማን ይሰማዋል?

ምሩቋ ቡናዋን ሳትጨርስ መላውን ነገረችኝ። «ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ለየብቻቸው እንያዛቸው ጋሼ። ወሩን በአንድ ጊዜ እንሻገረው። ያረፍንበት ወር ያ ቀን ከሌለው የወሩን መጨረሻ እንውሰድ፣ ቀኖቹን በመጨረሻ እንደምር።» በሆዴ «አስተምረውሽ ነዋ» አልኩ። ቅናት ነው። በዚህ ዕድሜ።

የቀረውን ሳልጽፍ መተኛት ፈልጌ ነበር። የባለቤቴ ወንድም፣ መካኒኩ፣ የታሰረው በሠላሳ አንድ ነው። ከሚሠራበት ጋራዥ የሰው ሞተር ፈታቶ ሸጦ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ተፈረደበት። በመሐል አጭሩ ወር አለ። በትክክሉ የሚፈታው በሚቀጥለው ወር በሠላሳ አንድ ነው። በእኔ ኮድ ግን ከዚያ ቀጥሎ ባለው ወር በሦስት ነው። አሰላሁት። ደግሜ አሰላሁት።

ቅዳሜ 25

አማቴ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ካረፈች ወዲህ የሷን ክፍል ሰጥቻቸዋለሁ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው እንዳበቃለት ለእኔ ብቻ ነገረኝ። እሳቸው አልጠየቁኝም፤ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም።

ዛሬ ሾርባ እያጠጣኋቸው፣

«አንተ ግን ሥራህ ምንድነው? ጎረቤት ሲጠይቀኝ ሁሌ ይጠፋኛል።»

«ላይብረሪ ነው እማማ። የኮድ።»

«መጻሕፍት ቤት?»

«አይደለም። እንደ መሰላል ያስቡት። አንዱ ይሠራዋል፣ ሰፈሩ ሁሉ እየተዋሰ ይወጣበታል። የእኔው ቀን የሚቆጥረው ነው።»

«መሰላሉ ቢሰበርስ?»

«ይጠገናል።»

«የወጣበት ሰውዬስ?»

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ፤ ሾርባው ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታ መታ አደረግሁ። «ቀን የምትሠራ ከሆነማ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ለእኔም ሁለት ሦስት ጣል አድርግልኝ። ልጄን ሳላይ እንዳልሄድ።»

ሐሙስ 30

በኮሪደሩ ሳልፍ የአለቃችንን ድምፅ ሰማሁ። ለምሩቋ ነው። «የሽማግሌው ኮድ ነው እኮ እዚህ ያደረሰን። የሚሠራ ነገር አይነካም፣ እመቤት። ከማረሚያ ቤቱ ጋር ያለን ውል በሚቀጥለው ወር ይታደሳል፤ ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን ንኪ።»

እሷ የመለሰችው አልተሰማኝም። ቆሜ ለመስማት አፈርኩ። ትንሽ ግን ቆምኩ።

እሑድ 2

ወሩ ገባ። ከጸሎት መልስ።

ዛሬም «ይቅር» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ተያያዘ። ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ እኔ ቂም የያዝኩበት ሰው የለም። መካኒኩን ይቅር ብዬዋለሁ። እህቱ በተቀበረች ቀን፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ «አንተ ነህ ሐኪም ቤት አዘግይተህ የገደልካት! ነገ ነገ እያልክ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጎረቤት አፉን ይዞ አየኝ። ያኔ የለበሰውን ሸሚዝ እንኳ አስታውሳለሁ፤ አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር። እሱ ማለቱንም ረስቶታል። እኔ ግን ይቅር ብዬዋለሁ።

ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። አሁን ብድግ ብዬ ስህተት አለ ብል ሰው ምን ይላል? ስድስት ዓመት አፉን ዘግቶ ለዘመዱ ሲሆን ከፈተው ይላል። ለዘመድ ማድላት ደግሞ ኃጢአት ነው። ሁሉም እስረኛ እኩል ነው። ለእሱ ብዬ መናገር ተገቢ አይደለም።

ይሄን ጽፌ ሳነበው ልክ ይመስላል።

እሑድ 9

ልብስ አድርሼለት መጣሁ። በሽቦው ማዶ ከስቷል፣ ጸጉሩ ሸብቷል።

«በሠላሳ አንድ ነው የምወጣው ብለህ ለእናቴ ንገራት።»

«መዝገቡ ሦስት ነው የሚለው።»

«እሱን ተወው፣ ጠይቄያቸው ነበር። ከኮምፒውተሩ ጋር ተከራከር አሉኝ።» ሳቀ። «ሦስት ቀን ምን አላት ብዬ ተውኩት። እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው። ትንሽ ድካም ነው።»

«አደራ እንግዲህ። ካንተ ሌላ ማን አላት።»

ድካም ነው ያልኩት እንዳይጨነቅ ነው። እስር ቤት ሆኖ ቢያውቅ ምን ያደርጋል? ምንም።

ረቡዕ 12

ምሩቋ ጨረሰችው። አለቃውን እንዴት እንዳሳመነችው አላውቅም። አየሁላት፤ ጥርት ያለ ሥራ ነው። የለውጡ ማስታወሻ ላይ ምን እንጻፍ አለችኝ። «አነስተኛ ማስተካከያ በይው» አልኳት።

«አዲስ የሚገቡትን ያስተካክላል። ድሮ ተሰልተው የተመዘገቡትስ ጋሼ? እነሱ እኮ እንደተሳሳቱ ተቀምጠዋል። እንደገና ካላሰሏቸው አይለወጡም።»

«ይነገራቸዋል።»

«ማን ይነግራቸዋል?»

«አለቃው።»

«ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኳት።

አያውቅም። ዋሸኋት። ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ አምናኝ ወንበሯን አዙራ ሥራዋን ቀጠለች።

ረቡዕ 19

ሐኪም ቤት፣ ከአማቴ ጋር። ወረፋ። እግራቸው አብጧል። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። ታክሲ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኙ። ቀለውኛል፣ እንደ ሕፃን።

እሑድ 23፣ ሌሊት

ውሸት ጽፌያለሁ፣ ለዚያውም ለራሴ ደብተር።

ያ ሰው ከመዝገብ ክፍሉ የደወለ ዕለት ባለቤቴ ጤነኛ ነበረች። ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ እየሰቀለች ነበር። የመስቀያውን ቀለበት በጥርሷ እንደያዘች «ማነው?» አለችኝ። «መቁጠር የማይችል ሰው ነው» አልኳት፤ ሳቀች። በሽታው የተነገራት ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስልኩ አጠገቤ ነበር። ነገ እደውላለሁ፣ ሰኞ እደውላለሁ፣ ወሩ ይግባና እደውላለሁ። ከዚያ ታመመች፤ ምክንያት አገኘሁ። በሚስቴ ሕመም ተሸሸግሁ። ስድስት ዓመት ሬሳዋን ፊት ለፊቴ አቁሜ ከኋላዋ ተደበቅሁ።

እሷም ጎኔን ወጋኝ ስትል ነገ እንሄዳለን እላት ነበር። ይሄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዓርብ 28

ውሉ ታደሰ። አለቃችን ጀርባዬን መታ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ወርቅ ነህ!» ሰው አጨበጨበ። ምሩቋም አጨበጨበች።

አማቴ ምግብ አልወስድ ብለዋል። ዛሬ ለመዝገብ ክፍሉ ብደውል ይደርሳል። ዓርብ ከሰዓት ግን ማን ቢሮ ይገኛል?

ሰኞ 31

ከሥራ ስመለስ አማቴ ለብሰው ጠበቁኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጸጉራቸውን አበጥራላቸዋለች፣ ትራስ ደግፋ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙራላቸዋለች።

«ዛሬ ሠላሳ አንድ አይደል?»

«ነው እማማ። እሱ ግን የሚወጣው በሦስት ነው።»

«ማን አለ?»

«መዝገቡ።»

«እሱ ሠላሳ አንድ ብሎ ልኮብኛል።»

«መዝገቡ ግን…»

«መዝገብ አይወልድም!» አሉ። በዚያ አቅማቸው ይሄን ያህል ድምፅ ከየት እንዳመጡት እንጃ። እስኪመሽ ልብሳቸውን አላወልቅም አሉ። ጫማቸውን ብቻ አወለቅሁላቸው።

ማክሰኞ 1

ሥራ አልሄድኩም። አይናገሩም። እጄን ይዘውኛል፤ የልጃቸው እጅ መስሏቸው ይሆናል። አላረምኳቸውም።

ረቡዕ 2

ሊነጋ ሲል አረፉ። ከሰዓት ቀበርናቸው።

ጎረቤቶች «ልጃቸው ነገ ይወጣ የለ፣ አንድ ቀን እናቆያቸው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሙቀቱ አይፈቅድም» አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነበር ያደረው።

ሐሙስ 3

በሩ ጋ ጠበቅሁት። ዕቃውን በላስቲክ ከረጢት ይዞ ወጣ። ዙሪያዬን አየ፣ እናቱን ፈልጎ።

«መምጣት አቅቷት ነው?»

«ትናንት ነው» አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከረጢቱን አስቀመጠ፣ ከዚያ መልሶ አነሣው። እንደገና አስቀመጠው። «ትናንት?» አለ። «ትናንት ስንት ሰዓት?» ነገርኩት። አልጮኸም። በሰው ፊት የጮኸብኝ ሰውዬ ዛሬ መንገድ ዳር ቁጢጥ አለ። ቢጮኽ በተሻለኝ።

ሐሙስ 10

እኔው ጋ ነው ያለው። ያመሰግነኛል! ጠዋት ያመሰግነኛል፣ ማታ ያመሰግነኛል። «አንተ ባትኖር በሰው እጅ ትሞት ነበር። ያን ጊዜ የተናገርኩህን ምላሴን በቆረጠው። ሐዘን ነው ያናገረኝ።» ትከሻዬን ሳመኝ።

ረስቶታል ብዬ ነበር። አልረሳውም ኖሯል።

የበሩን ማጠፊያ ጠገነ። ወንበሩን አጠበቀ። ቤቱ ውስጥ የላላ ነገር ሁሉ በእጁ እየጠበቀ ነው፤ እኔ እየላላሁ ነው። ሦስት ቀን ሆነኝ ጸሎት ከተውኩ። ምን ብዬ ልጀምር?

እሑድ 13

ነገርኩት።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ እየፈታ ነበር። «ሦስቱን ቀን የጨመርኩብህ እኔ ነኝ» አልኩት ከጀርባው። ዞሮ «ምን?» አለ። ከስልኩ ጀምሬ ነገርኩት። ወር እንዴት እንደሚቆጠር ላስረዳው ስል እጁን አነሣ።

«እሱን ተወው። የኔን ቀን መቼ ነው ያወቅኸው?»

«እማማ እያሉ።»

«በሽቦው ያናገርኩህ ዕለት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ድካም ነው ያልከኝ ዕለት።»

«አዎ።»

ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። «በቀብሩ የተናገርኩህን ይዘህብኝ ነው?»

«አይደለም» አልኩት። ቀጥዬም «አላውቅም» አልኩት። ሁለተኛው ይሻላል።

በመፍቻው ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ዕውነቱን ለመናገር ጠብቄዋለሁ። ተመልሶ ቧንቧውን አጠበቀው። ውሃው ቆመ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከረጢቱን አነሣ።

«ይቅር በለኝ ልትለኝ ከሆነ አልችልም። እናቴ ናት። ከአልጋዬ ቀጥሎ የሚተኛው ሽማግሌ ግን በሠላሳ ነው የገባው። እሱም እየቆጠረ ነው፤ ጠባቂዎቹ ይስቁበታል። እኔ ጋ ምን ታደርጋለህ? እዚያ ሂድ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። አሁን በደንብ ይዘጋል።

ሰኞ 14

ለአለቃችን ነገርኩት።

«አብደሃል? ውሉ ከታደሰ ወር አልሞላውም!»

«ሰዎች ከቀናቸው በላይ ታስረዋል።»

«ኮዱ ተስተካክሎ የለ? ያለፈው አልፏል።»

«ያለፈው አላለፈም። እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።»

«ስማ፣ ሽማግሌ ሰው ነህና አከብርሃለሁ። ነገ ማረሚያ ቤቱ ከሄድክ ግን ወንበርህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

በሩ ክፍት ነበር። ወደ ቦታዬ ስመለስ ምሩቋ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ «አለቃው ያውቃል ብለውኝ ነበር» አለች። ጋሼ አላለችኝም።

ማክሰኞ 15

ሄድኩ።

የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሴት ናቸው። አስረዳኋቸው። መጀመሪያ፣ «ሁለት ሦስት ቀን ነው? እዚህ ሰው ዓመት ይረሳል እኮ» አሉ። ከዚያ ግን መነጽራቸውን አወረዱ። ከወሩ ሃያ ስምንተኛ ቀን በኋላ የገቡትን ሁሉ አወጣን። እኔ በእጄ እያሰላሁ፣ እሳቸው በአዲሱ ስሌት እያመሳከሩ አንድ በአንድ ሄድንባቸው። የመካኒኩ ጎረቤት ሽማግሌ በዚህ ወር በሠላሳ ይወጣሉ፤ መዝገቡ የሚቀጥለው ወር ሁለት ይል ነበር። ከወራቱ ሌላ ዐሥራ አራት ቀን የተፈረደበት አንድ ጎልማሳ ደግሞ ትናንት መውጣት ነበረበት። ኃላፊዋ ስልክ አነሡ። ሰውየው ልብሱን እየሰበሰበ እንደሆነ ተነገረን። የወጡትስ፣ በስድስቱ ዓመት ትርፍ ቀን ታስረው የወጡትስ? «እነሱ ለበላይ ነው የሚጻፈው» አሉ ኃላፊዋ፤ ወረቀት አወጡ።

«ስህተቱን የሠራው ማነው ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«የታወቀው መቼ ነው? በዚህ ወር ነው ልበል?»

«ከስድስት ዓመት በፊት ነው።»

ብዕራቸው ቆመ። «ስድስት ወር ማለትዎ ነው?»

«ስድስት ዓመት። ከዚሁ ቢሮ ደውለው ነግረውኛል። እናንተ ናችሁ የተሳሳታችሁት ብዬ መለስኩ።»

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሩን አየት አድርገው፣ «አባት፣ እንዲህ ብዬ ከጻፍኩት እኮ ይከሰሱበታል» አሉኝ።

«ይጻፉት» አልኳቸው።

ጻፉ። ፈረምኩበት።